በፌስታል የሚገባ ሥራ፦ አንድ የሒሳብ ቢሮ ልማዱንና ክፍሉን እንዴት አስተካከለ

ብዙ ቢሮ ውስጥ የሚታይ ነገር ነው። ሰው ጠዋት ይገባል፣ ቀኑን ሙሉ ሲሯሯጥ ይውላል፣ ማታ ይወጣል። ሲወጣ ግን ዛሬ ይህንን ጨረስኩ የሚለው ነገር የለውም። ከዚያ ጥፋቱን አንዱ በሌላው ላይ ያላክካል። ሠራተኛው ሥራው በዝቷል ይላል። አለቃው ሠራተኛው ቀርፋፋ ነው ይላል።

ከዚህ በታች የምጽፈው አንድ አነስተኛ የሒሳብ አገልግሎት ቢሮ ከዚህ አዙሪት እንዴት እንደወጣ ነው። ብዙ ገንዘብ አላወጣም። አዲስ ሰውም አልቀጠረም። ያደረገው ነገር ግን ለሌላ ቢሮም፣ ለሱቅም፣ ቤቱ ሆኖ ለሚሠራ ሰውም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። የምጽፈው በቢሮው ባለቤት ፈቃድ ነው። የሰውም የድርጅትም ስም አልጠቅስም፤ ደንበኞቹን የሚያሳውቅ ዝርዝርም አውጥቻለሁ።

## ቢሮው

ቢሮው አዲስ አበባ፣ መገናኛ አካባቢ፣ አንድ ሕንፃ ላይ ያለ አንድ ክፍል ነው። አራት ሰው ይሠራበታል። ባለቤቷ ለረጅም ዓመታት በሒሳብ ሥራ የቆየች፣ ሕጉን ጠንቅቃ የምታውቅ ሴት ናት። ከባንክ ጡረታ የወጡ አንድ አዛውንት አሉ፤ ሁሉም ‹ጋሼ› ይሏቸዋል። ሁለቱ ወጣቶች ናቸው። ወንዱ ጥቂት ዓመት ልምድ አለው። ልጅቷ ከተመረቀች ብዙም አልቆየችም።

ደንበኞቹ ወደ 40 ይጠጋሉ። ምግብ ቤት አለ፣ ፋርማሲ አለ፣ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለ፣ አስመጪም አለ። ለእነዚህ ሁሉ በየወሩ የቫት ማሳወቂያ ይቀርባል፣ ዊዝሆልዲንግ (ከክፍያ ላይ ተቀንሶ የሚያዝ ግብር) ይከፈላል፣ የሠራተኛ የሥራ ግብር ይሰላል። ጡረታም አለ፤ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ። በዚህ ላይ ዓመታዊው ሥራ ይመጣል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። የደረጃ ‹ሀ› ግብር ከፋዮች ከሐምሌ 1 እስከ ጥቅምት 30 ድረስ ሒሳባቸውን ዘግተው ያሳውቃሉ። ስለዚህ የቢሮው ክረምት እንደ ትምህርት ቤት ክረምት አይደለም። እንዲያውም ዋናው ጥድፊያ የሚጀምረው ያኔ ነው።

እኔ ወደ ጉዳዩ የገባሁት በሁለት ምክንያት ነው። ባለቤቷ የቆየች ወዳጄ ናት። ደግሞም ቀድሞ የምሠራበት ፋብሪካ ካይዘንን፣ ማለትም ሥራን በትንሽ በትንሹ ያለማቋረጥ የማሻሻል የጃፓኖችን ዘዴ፣ ይተገብር ነበር። ካይዘን ወደ አገራችን የመጣው በጃፓኑ የትብብር ኤጀንሲ በጃይካ ድጋፍ ሲሆን በመጀመሪያ በ30 ኩባንያዎች ላይ ተሞከረ። ቀጥሎ በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ብዙ ሰው የሚያውቀው ግን ግድግዳ ላይ በተለጠፈው ሰንጠረዥ ነው። አምስቱ ‹ማ›ዎች፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ አይቻለሁ። አራት ጠረጴዛ ባለው ክፍል ውስጥም እንደሚሠራ እርግጠኛ ነበርኩ።

## ችግሩ

በጥቅምት 2016 መጨረሻ የአንድ ደንበኛ የግዢ ደረሰኞች ጠፉ። ሦስት ወር ሙሉ የተሰበሰበ ደረሰኝ ነው። ቢሮው ተገለባበጠ። ለሊቱን ሲፈልጉ አምሽተው በመጨረሻ የተገኘው የሌላ ደንበኛ ፌስታል ውስጥ ነው። ሁለቱም ፌስታሎች ጥቁር ነበሩ። ሁለቱም መሬት ላይ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር።

ግብሩ በቀኑ ተከፈለ፤ ቅጣት አልመጣም። ደንበኛው ግን ትልቅ ነጋዴ ናቸው፣ ነገሩን ሰሙ። ቢሮ ድረስ መጥተው እንዲህ አሏት፦ «ልጄ፣ እኔ ወረቀቴን ቆጥሬ ሰጥቻችኋለሁ። ከዚያ ወዲያ የት እንደሚገባ ማወቅ የእናንተ ሥራ ነው።» መልስ አልነበራትም።

የባለቤቷ የመጀመሪያ ሐሳብ አምስተኛ ሰው መቅጠር ነበር። ሁለተኛው ሐሳቧ ጠረጴዛዎቹን በሙሉ መቀየር ነበር፤ ዋጋ ጠይቃ ጨርሳለች። እኔ ያልኳት አንድ ነገር ነው። ጊዜው የት እንደሚሄድ ሳናውቅ ሰው ብትጨምሪ፣ አምስተኛውም ሰው ከአራቱ ጋር አብሮ ፌስታል ይፈልጋል። መጀመሪያ እንይ።

## ከመነካካታችን በፊት

ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ወረቀት ተሰጠ። ወረቀቱ አራት ሳጥን አለው። አንድ ነገር ፍለጋ ከወንበር ስትነሳ አንድ ጭረት። ሰው ሲያቋርጥህ አንድ ጭረት። መብራት፣ ኔትወርክ ወይም የሌላ ሰው ሥራ ስትጠብቅ አንድ ጭረት። የሠራኸውን እንደገና ስትሠራ አንድ ጭረት። ስም አይጻፍም ተባለ፤ ግን አራት ሰው ስለሆኑ ሁሉም የማን እንደሆነ ያውቃል። ይህ ለአንድ የሥራ ሳምንት ቆየ።

ይህ አከፋፈል የእኔ ፈጠራ አይደለም። የቶዮታው ታይቺ ኦኖ 7 ዓይነት ብክነቶችን ለይቶ አስቀምጧል፤ መጠበቅ፣ አላስፈላጊ እንቅስቃሴና የተበላሸ ሥራ ከእነሱ መካከል ናቸው። ለቢሮው የሚሆኑትን ብቻ ነው የወሰድነው።

በሳምንቱ መጨረሻ ወረቀቶቹ ጠረጴዛ ላይ ተዘረጉ። ሦስት ነገር ታየ።

አንደኛ፣ ከሁሉም የበዛው ጭረት ፍለጋ ላይ ነው። ፋይል፣ ስቴፕለር፣ ፍላሽ፣ የባንክ ስቴትመንት፣ ማኅተም። የማኅተሙ ነገር ሁሉንም አስገርሟል። ቢሮው አንድ ማኅተም ብቻ ነው ያለው። ቦታ ግን የለውም። የመጨረሻው ሰው ያስቀመጠበት ነው ቦታው።

ሁለተኛው ነገር ለእኔ የዚህ ጉዳይ ዋና ትምህርት ነው። ከአራቱ ሰዎች ብዙ መቋረጥ የደረሰባት ልጅቷ ናት፤ ከሌሎቹ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ባለቤቷ ለወራት «ጎበዝ ናት፣ ግን ቀርፋፋ ናት» ስትል ቆይታለች። ልጅቷም ራሷ እንደዚያ ማመን ጀምራ ነበር። ጠረጴዛዋ ግን በር ላይ ነው። የገባ ሁሉ እሷን ይጠይቃል። የሌላ ቢሮ ፈልጎ የመጣ እሷን ይጠይቃል። ውኃ የሚያመጣው ልጅ ፊርማ የሚጠይቃት እሷን ነው። ስልኩም እሷ ጋ ነው። የባንክ ሒሳብ እያስታረቀች (መዝገቡን ከባንኩ ስቴትመንት ጋር እያመሳከረች) ሳለ አንድ ሰው ሲያናግራት ከየት እንዳቆመች ይጠፋባታል፣ ከላይ ትጀምራለች። እንደገና የመሥራት ጭረቷም የበዛው በዚህ ነው። ይህች ልጅ ቀርፋፋ አልነበረችም። የተቀመጠችው መጥፎ ቦታ ነው። አንድ ሰው በተቀመጠበት ቦታ ምክንያት ስሙ ሲጎድፍ ማየት ያሳዝናል፤ ብዙ ቢሮ ውስጥ ደግሞ ማንም ሳይቆጥረው እንዲሁ ይቀራል።

ሦስተኛ፣ ብዙውን መቋረጥ የምታመጣው ባለቤቷ ራሷ ሆና ተገኘች። «እስቲ ያን ፋይል አምጪልኝ»፣ «የእነ እገሌ ቫት ገባ?»፣ «ቴሌግራም የላኩትን አየኸው?» ወረቀቶቹን አይታ ዝም አለች። ከዚያ «እኔ ነኛ» አለች። ይህን ማለቷ ከዚያ በኋላ ለመጣው ሁሉ መንገድ ከፈተ።

የጋሼ ወረቀት ከሁሉም ንጹሕ ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው። ጋሼ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ይገባሉ። ሌሎቹ 2፡30 ሲደርሱ የእሳቸው ከባድ ሥራ አልቋል።

## ማጣራት

ቢሮውን እናስተካክል ሲባል ብዙ ሰው መጥረጊያና ጨርቅ ያነሳል። አምስቱ ‹ማ›ዎች ግን የሚጀምሩት ከማጽዳት አይደለም፤ ከማጣራት ነው። የማያስፈልግ ዕቃ ቢወለወልም የማያስፈልግ ዕቃ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሁሉም ተሰበሰቡ። ያጠራጠረ ነገር ሁሉ ቀይ ወረቀት ተለጠፈበት። የማይሠሩ ፕሪንተሮች፣ ባለቤት የሌላቸው ቻርጀሮች፣ ከየባንኩ የተሰጡ ያረጁ ካላንደሮች፣ ቀለማቸው የደረቀ እስክሪብቶዎች፣ ለማን እንደተገዛ የማይታወቅ የኮምፒውተር ሳጥን። ‹አንድ ቀን ይጠቅማል› የተባለው ዕቃ ወደ አንድ ካርቶን ገባና ቀን ተጻፈበት። እስከ የካቲት ማንም ካልጠየቀው ይወገዳል ተባለ። ጠያቂ ያገኘው አንድ ካልኩሌተር ብቻ ነው።

ሰነድ ግን ሌላ ነገር ነው። የሒሳብ ሰነድ ምን ያህል ጊዜ እንደሚቀመጥ በሕግ የሚወሰን ስለሆነ ማንም በራሱ ስልጣን ወረቀት እንዳይጥል ተከለከለ። ሥራቸው ያለቀ የቆዩ ሰነዶች በዝርዝር ተመዝግበው ለደንበኞቹ ተመለሱ፤ ደንበኛው ፈርሞ ይረከባል፣ ቅጂው ቢሮ ይቀራል። ይህ ብቻ ከክፍሉ አንድ ግድግዳ ሙሉ አስለቀቀ። ወረቀት ያለበት ቢሮ ሁሉ ይህን ቢያስብበት መልካም ነው። የሰው ሰነድ ማከማቸት አገልግሎት ይመስላል፣ ግን ቢጠፋ ተጠያቂው ያከማቸው ነው።

የጋሼ ጠረጴዛ ላይ የቆየ ክምር ነበር። ሊነኩባቸው ሲሉ «እኔ እዚህ ውስጥ ምን የት እንዳለ ዓይኔን ጨፍኜ አገኛለሁ» አሉ። እውነታቸውን ነው። ባለቤቷ በአክብሮት መለሰችላቸው፦ «እርስዎ ያገኛሉ ጋሼ። እርስዎ ያልመጡ ቀን ግን እኛ አናገኝም።» ክርክር አልተገባም። የእሳቸው ጠረጴዛ እንዳለ ቀረ።

## ወረቀቱ ቤት ሲያገኝ

ከዚህ በኋላ የመጣው ሥራ ረጅሙ ነው። የመጀመሪያው ደንብ አጭር ነበር፦ ፌስታል ከበሩ አያልፍም። ለእያንዳንዱ ደንበኛ ሦስት ሦስት ካኪ ፖስታ ተሰጠ። በአንዱ ላይ ግዢ፣ በሌላው ሽያጭ፣ በሦስተኛው ወጪ ተብሎ ተጽፏል። ደንበኛው ሲመጣ በር ላይ ያለው ሰው ከእሱ ጋር ሆኖ ደረሰኞቹን ይቆጥራል፣ ወሩንና ብዛቱን ቅጽ ላይ ይሞላል፣ ሁለቱም ይፈርማሉ።

መጀመሪያ ማጉረምረም ነበር። «ጊዜ የለኝም፣ ወስጄ አስቀምጬ ልሂድ» ያለ ብዙ ነው። ያሸነፈው ነገር የቅጹ ቅጂ ነው። ደንበኛው የሰጠውን የሚያሳይ ወረቀት ይዞ ይወጣል። ባለፈው ጥቅምት የተቆጡት ነጋዴ ቅጂያቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና «እንዲህ ነው እንጂ» አሉ። እሳቸው ከዚያ በኋላ ደረሰኞቻቸውን በቀን ቅደም ተከተል ደርድረው ማምጣት ጀመሩ። ያንን ማንም አልጠየቃቸውም።

ከዚህ ሌላ ጥቅም ወጣ። የጎደለ ደረሰኝ የሚታወቀው በገባበት ቀን ሆነ። ቀድሞ የሚታወቀው ወሩ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ነበር፤ ያኔ ደግሞ ደንበኛው ስልክ አያነሳም።

መደርደሪያው ላይ እያንዳንዱ ደንበኛ ቁጥር ያለው ቦክስ ፋይል አገኘ። መሀል ላይ ሦስት ክፍት ትሪዎች ተቀመጡ፦ የገባ፣ በሥራ ላይ ያለ፣ ፊርማ የሚጠብቅ። ወረቀት ከሦስቱ በአንዱ ወይም በቦክስ ፋይሉ ውስጥ ካልሆነ ጠፍቷል ማለት ነው። ማኅተሙ የፊርማ ትሪው አጠገብ በክር ታሰረ።

ኮምፒውተሩም ተጣራ። የድሮው አሰያየም ‹አዲስ›፣ ‹የመጨረሻ›፣ ‹የመጨረሻ የተስተካከለ› የሚል ነበር። አሁን ፋይል ሁሉ በደንበኛው ቁጥር፣ ከዚያ በዓመት፣ ከዚያ በወር ቁጥር ይጀምራል። ወሩ በስም ሳይሆን በቁጥር መጻፉ ትንሽ ነገር ይመስላል። ኮምፒውተሩ ግን ስም ሲሆን በፊደል ተራ ይደረድራልና ኅዳር ከነሐሴ አጠገብ ይቀመጣል። የፒችትሪ (የሒሳብ መዝገብ የሚያዝበት ፕሮግራም) ዳታ በየዓርቡ ባክአፕ ይደረጋል፤ አንዱ ቅጂ ቢሮ፣ ሌላው ባለቤቷ ቤት። ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ፍላሽ ቀረ። ቫይረሱም አብሮ ቀነሰ።

የክፍሉ አቀማመጥ የተለወጠው ከወረቀቱ በኋላ ነው፤ ይህ ቅደም ተከተል ገንዘብ አድኗል። የልጅቷ ጠረጴዛ ወደ ውስጠኛው ጥግ ገባ። በር ላይ አንድ ትንሽ ጠረጴዛ ብቻ ቀረ፤ እዚያ የሚቀመጠው የዕለቱ ተረኛ ነው። ስክሪኖቹ ከመስኮቱ ጎን ለጎን እንዲሆኑ ዞሩ። ቀድሞ ሁለቱ መስኮቱን ፊት ለፊት ያያሉ፣ አንዱ ጀርባውን ሰጥቷል፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ስትገባ ሁሉም ዓይናቸውን ያሻሉ። የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ከዓይን ጋር እኩል እንዲሆን ከስሩ ሁለት ሁለት ሪም ወረቀት ገባ። የተገዛው ሁለት ወንበር፣ አንድ ጥሩ ዲቫይደርና መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ አንድ ዩፒኤስ ነው። ዩፒኤሱ የተሰጠው ፒችትሪ ላለበት ኮምፒውተር ነው፤ መብራት ሲሄድ የሚበላሸው ዳታ እዚያ ስላለ።

አዲሶቹ ጠረጴዛዎች አልተገዙም። ወረቀቱ ሲነሳ የድሮዎቹ በቂ ሆነው ተገኙ።

## ሰዓቱን ማስተካከል

የቢሮው ቀን ቀድሞ ቅርጽ አልነበረውም። የመጣውን መቀበል ነው። አሁን ጠዋት ከ3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ጸጥታ ሆነ። በዚያ ሰዓት የሚሠራው ማሰብ የሚፈልግ ሥራ ብቻ ነው፦ ማስታረቅ፣ መዝጋት፣ ማስላት። ስልክ የሚያነሳውም ሰው የሚያስተናግደውም ተረኛው ነው። ተረኛው ደግሞ በዚያ ቀን ቢቋረጥ የማይጎዳ ሥራ ይይዛል፤ ደረሰኝ መመዝገብ፣ ፋይል ማድረግ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይህ አልያዘም። ደንበኞቹ የቢሮውን ስልክ ትተው በግል ስልክ ይደውላሉ። ሚስድ ኮል ካዩ ደግሞ ልጆቹ ልባቸው አይረጋም። መፍትሔው ሁለት ነበር። ለሁሉም ደንበኛ በቴሌግራም መልእክት ተላከ፦ ከ3 እስከ 5 በዚህ ቁጥር ይደውሉ፣ የሚያነሳ ሰው አለ። የግል ስልኮች ደግሞ ድምፃቸው ጠፍቶ በተረኛው መሳቢያ ይቀመጣሉ፤ የቤተሰብ አስቸኳይ ጉዳይ ካለ በቢሮው ስልክ ይደወላል።

ከሁሉም የከበደው የባለቤቷ ድርሻ ነው። ጥያቄ ሲመጣባት ከመጣራት ይልቅ ደብተር ላይ መጻፍ ጀመረች። 5 ሰዓት ላይ ሁሉንም አንድ ላይ ትጠይቃለች። ሁለት ሦስት ቀን ይዛ ትረሳዋለች፣ እንደገና ትይዛለች። ነገር ግን ጠይቃ ልትጀምር ስትል አፏን በእጇ ስትይዝ ያዩ ሠራተኞች ደንቡን የምር ወሰዱት። አለቃ የማያከብረው ደንብ ሁለት ሳምንት አይቆይም።

ቡናን በተመለከተ መጀመሪያ የተነሳው ሐሳብ መቀነስ ነበር። እኔ ተቃወምኩ። ሰዉ ቡና የሚጠጣበት ጊዜ ብዙ አልነበረም። ችግሩ ሁሉም በየራሱ ሰዓት መውጣቱ ነው። አንዱ ማኪያቶ ሊጠጣ ሲወርድ ሌላው እሱን ይጠብቃል፣ እሱ ሲመለስ ሌላው ይወጣል። ስለዚህ ቡናው 5 ሰዓት ላይ ለሁሉም በአንድ ላይ ሆነ። የባለቤቷም ደብተር የሚከፈተው ያኔ ነው። ቀድሞ በቀን ሙሉ የተበታተነው ጥያቄ በአንድ ስኒ ቡና ውስጥ ያልቃል። ጋሼ ወጣቶቹን የሚያስተምሩትም በዚህ ሰዓት ሆነ። ስለ ባንክ አሠራር የሚያውቁት ነገር ብዙ ነው፤ ለመስማት ጊዜ የተገኘው ግን አሁን ነው።

የመጨረሻው ልማድ ማታ 11 ሰዓት ተኩል ከመውጣት በፊት ያለው አሥር ደቂቃ ነው። ወረቀት ወደ ትሪው ይመለሳል፣ ጠረጴዛ ባዶ ይሆናል፣ የነገ ዋና ሥራ በቁራጭ ወረቀት ላይ ይጻፋል። ጠዋት ሲገባ ምን ልጀምር የሚለው ማቅማማት ይቀራል።

ግድግዳ ላይ አንድ ነጭ ሰሌዳ ተሰቀለ። ወደ ታች የደንበኞቹ ቁጥር፣ ወደ ጎን የወሩ ሥራዎች። ሰነድ የሚገባበት የቢሮው የራሱ ቀነ ገደብ ወሩ በገባ በ10 ሆነ፣ ማሳወቂያው የሚያልቅበት በ20። የሕጉን የመጨረሻ ቀን ሰሌዳው ላይ መጻፍ ቀረ። በመጨረሻዎቹ ቀናት ሁሉም ሰው አንድ ላይ ሲገባ ግብር የሚታወቅበት ሲስተም ይጨናነቃል፤ ያ በማንም ቢሮ ቁጥጥር ስር አይደለም። ከዚያ ቀን ቀድሞ መጨረስ ግን ነው።

## ያልሠራው

የሥራ መከታተያ አፕሊኬሽን ተሞከረ። ወጣቱ ልጅ ነው ያመጣው፣ በጉጉት ነው የጀመሩት። ሥራውን ሠርተህ ከዚያ አፑ ላይ ገብተህ ሠራሁ ማለት አለብህ። ኔትወርክ ሲጠፋ ሁሉም ይረሳዋል። ጋሼ አንድ ቀን አልከፈቱትም። ነጩ ሰሌዳ አሸነፈው፤ ስትገባም ስትወጣም ዓይንህ ላይ ነው።

በ1980ዎቹ አውሮፓውያን አቆጣጠር መጨረሻ ጣሊያናዊው ፍራንቼስኮ ቺሪሎ የጀመረው 25 ደቂቃ ሠርቶ 5 ደቂቃ ማረፍ የሚባለው ዘዴም ተሞክሯል። ለደረሰኝ ምዝገባ ጥሩ ነው። ለባንክ ማስታረቅ ግን ልክ ሐሳቡ ሲገጣጠም ሰዓቱ ይጮኻል። ልጅቷ ተወችው። ተረኛው ብቻ ነው የሚጠቀምበት።

ትልቁ ስህተት የነጥቡ ነገር ነው። ፋብሪካዎች የሥራ ቦታን ንጽሕና በነጥብ ይመዝናሉ። ባለቤቷ ያንን አምጥታ በየዓርቡ ጠረጴዛዎችን በነጥብ መመዘን ጀመረች። ወጣቱ ዝቅተኛ ነጥብ አግኝቶ ለቀናት አኮረፈ። ለ200 ሰው የሚሆነው ለአራት ሰው አይሆንም። በአራት ሰው መካከል ነጥብ ደረጃ ሳይሆን ስድብ ይመስላል። ተነሳ።

መስከረም 2017 ደግሞ ሁሉም ነገር ሊፈርስ ነበር። እንቁጣጣሽ፣ ቀጥሎ መስቀል፣ በመሀል የዓመቱ መዝጊያ ሥራ። የማታው አሥር ደቂቃ ‹ዛሬ ብቻ እንለፈው› እየተባለ ቀረ። ክምሩ ተመለሰ። አንድ ፖስታም ለግማሽ ቀን ጠፋ። ከዚያ በኋላ አሥሩ ደቂቃ የተረኛው ኃላፊነት ሆነ፤ ተረኛው ቁልፉን የሚያገኘው የመጨረሻ ሆኖ ሲወጣ ነው፣ ትሪ ውስጥ ያልገባ ወረቀት ካለ ወረቀቱን የያዘውን ሠራተኛ ጠርቶ ያስገባል። ሰው ሲደክመው የሚተወው ልማድ አስታዋሽ ያስፈልገዋል። ከአምስቱ ‹ማ›ዎች ማዝለቅ መጨረሻ ላይ የተቀመጠው በምክንያት ይመስለኛል።

## ውጤቱ

በጥቅምት 2017 ቢሮው አመሸ። አላመሸም ብል ውሸት ነው። ነገር ግን የመጨረሻው ሳምንት ሲመጣ የቀሩት ሰነዳቸውን ዘግይተው ያመጡ ጥቂት ደንበኞች ብቻ ነበሩ። የጠፋ ሰነድ አልነበረም። አምስተኛ ሰው አልተቀጠረም። ለእሱ ከታሰበው ገንዘብ የተወሰነው ለልጅቷ የደመወዝ ጭማሪ ሆነ። እሷ አሁን ከባድ ከባዶቹን ደንበኞች ትይዛለች።

ለውጡን ሁሉ ግን ለአሠራሩ ልሰጠው አልችልም። ባለቤቷ በመሀል ሁልጊዜ ዘግይተው የሚያመጡ ጥቂት ደንበኞችን በትሕትና አሰናብታለች። የቀለለው ጫና አንዱ ክፍል ከዚያ ነው የመጣው። ደግሞም ሰሌዳው ማን ሁልጊዜ እንደሚዘገይ ባያሳያት ኖሮ የትኛውን እንደምታሰናብት አታውቅም ነበር።

የጋሼ ጠረጴዛስ? ሚያዝያ ላይ ለጥቂት ቀን አሟቸው ቀሩ። ሁለት ደንበኞች የእሳቸውን ፋይል ፈልገው መጡ፣ የተገኘው በብዙ መከራ ነው። ሲመለሱ ማንም ምንም አላላቸውም። በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ብቻቸውን ሆነው ክምሩን ወደ ቦክስ ፋይሎቹ አስገብተው ጨረሱ።

## ሌላ ቦታ የሚወሰድ

ከዚህ ጉዳይ አንድ ነገር ብቻ ውሰድ ብባል ጭረቱን እወስዳለሁ። መቁጠር ምንም አያስወጣም። ቢሮውን ግን ‹ማን ሰነፈ?› ከሚል ጥያቄ ወደ ‹ምን አቋረጠው?› ወሰደው። የልጅቷን ስም ያዳነው እሱ ነው። ሠራተኛ ቀርፋፋ ነው ብሎ የሚያስብ አለቃ ከመናገሩ በፊት ሰውየው የት እንደተቀመጠ፣ በሰዓት ስንት ጊዜ እንደሚጠራ ይመልከት።

የዕቃ ግዢን ወደ መጨረሻ ማድረግም ይጠቅማል። አዲስ መደርደሪያ የተገዛለት ቢሮ ክምሩን ወደ መደርደሪያው ያዛውራል እንጂ አያጣራም። መጀመሪያ ከተጣራ ምን እንደሚጎድል ይታያል፤ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ከታሰበው ያነሰ ነው።

ጸጥታ ሰዓት ለሱቅ ወይም ለፋርማሲ አይሆንም የሚል አለ። ሙሉውን ሰው ዝም ማሰኘት አይሆንም፣ ልክ ነው። ተረኝነቱ ግን ይሆናል። ሁለት ሰው ያለበት ሱቅ እንኳ አንዱ ደንበኛ ሲያስተናግድ ሌላው ለአንድ ሰዓት የዕቃ ቆጠራውን ሳይነሳ ሊጨርስ ይችላል።

ቤት ሆኖ የሚሠራ ሰው በር ላይ የሚያስቀምጠው ተረኛ የለውም። የምግብ ጠረጴዛው ነው ቢሮው። ለእሱ የማታው አሥር ደቂቃ ከቢሮው ሰው ይበልጥ ያስፈልገዋል። ላፕቶፑ፣ ደብተሩና ቻርጀሩ አንድ ካርቶን ውስጥ ገብተው እራት ከመቅረቡ በፊት ይነሱ። ጠዋት ካርቶኑ ሲከፈት ሥራ ተጀመረ ማለት ነው፣ ቤተሰቡም ያንን ይለምዳል። ጸጥታ ሰዓቱንም ለቤተሰቡ መናገር ያስፈልጋል፤ ያልተነገራቸውን ደንብ ሊያከብሩ አይችሉም።

ቢሮው አሁን በየዓመቱ ኅዳር ላይ ያንኑ የጭረት ወረቀት ለአንድ ሳምንት ያወጣል። በኅዳር 2017 ፍለጋ የሚለው ሳጥን ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም። የበዛው ጭረት ያረፈው መጠበቅ ላይ ነው፤ ለአራት ሰው አንድ ስካነር ብቻ ስላለ ከሰዓት በኋላ ወረፋ ይሆናል። ባለቤቷ ሁለተኛ ስካነር ከመግዛቷ በፊት የስካን ሥራውን ለተረኛው ብቻ ሰጥታ አንድ ወር ልታየው ወስናለች።